ማዕበሉ ወደ ላይ ነው

መጋቢት 3
መጋረጃ ስሰፋ ዋልኩ። ስመለስ የሕንፃችን በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ከፍተኛ የሙቀት ማዕበል ስለሚጠበቅ ነዋሪዎች አስፈላጊውን ጥንቃቄ ያድርጉ።» ፊደል የለየሁት ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ስለሆነ የተጻፈ ነገር አያልፈኝም። ያምራል... ግን ምን አድርጉ ነው የሚለው?

መጋቢት 5
የምድር ቤቷ እማማ ፍራሻቸውን አሸክመው ላይኛው ፎቅ፣ ቆርቆሮው ሥር ባለችው ባዶ ክፍል ገብተዋል!
«ምነው እማማ?»
«ማዕበል ይመጣል ተብሎ የለ እንዴ! ዘበኛው አነበበልኝ።»
«የሙቀት እኮ ነው...»
«ሞቀም ቀዘቀዘም ውሃ ውሃ ነው። ኖኅ የዳነው ታች ተቀምጦ ነው?»
ሳቄን ዋጥኩ።

መጋቢት 6
ሙቀቱ ገባ። መቀሱ እንኳ እጅ ያቃጥላል። እማማ አልወርድ ብለዋል።

መጋቢት 7
በምሳ ሰዓት ሮጬ ወጣሁ። ክፍሉ ምድጃ ሆኗል። እማማ ተዘርረዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ውሃ አጠጣሁ፣ ጨርቅ አርሼ አንገታቸው ላይ አደረግኩ።
«እንውረድ።»
«ልስጠም?»
ድንገት መጣልኝ።
«እማማ፣ ማዕበሉ እሳት ነው። እሳት ደግሞ የሚወጣው ወደ ላይ ነው።»
ዐይናቸውን ገለጡ። «ታዲያ እንዲህ አትይም!»
ደግፌ አወረድኳቸው። የሰፈራችንን የጤና ባለሙያ አስጠራሁ፤ መጥታ አየቻቸው። አመሻሽ ላይ ዘበኛውን መሳደብ ጀመሩ። ተመስገን፣ ድነዋል።

መጋቢት 10
የጤና ባለሙያዋ እጄን ይዛ የከንቲባው ቢሮ ስለ ሙቀቱ የጠራው ስብሰባ አስገባችኝ። እኔን! ላብ በላብ ሆኜ የእማማን ነገር ተናገርኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰውዬ ግን አልሳቀም።
«እናቴም ብትሆን ፍራሿን ተሸክማ ትወጣ ነበር» አለ። ብዕር አወጣ። «እስቲ እርስዎ ይበሉት። እንዴት እንጻፈው?»
«ለእማማ እንደሚነገረው» አልኩ። ከዚያ አፌ አልተዘጋም... እኔ ነኝ?

ሚያዝያ 2
ሙቀቱ ተመልሶ መጣ። በየሕንፃው በር አዲሱ ማስታወቂያ አለ፦ «ነገ ሙቀቱ ይበረታል። ቆርቆሮ ሥር አትዋሉ፣ ወደ ታች ውረዱ። ሳይጠማችሁ ውሃ ጠጡ። የአዛውንት ጎረቤታችሁን በር አንኳኩ።»
የእማማ የምድር ቤት ክፍል ከሁሉ ስለሚቀዘቅዝ የሙቀት ቀን መዋያ ሆኗል። የከንቲባው ቢሮ አግዳሚ ወንበርና የውሃ በርሜል ላከ፤ እኔ ወፍራም መጋረጃ ሰፋሁ። በየሰፈሩ አንድ አንድ ሊከፍቱ ነው አሉ።
እማማ በሩ ላይ ቆመው «ግቡ፣ ግቡ! መርከቧ ሳትሞላ!» ይላሉ። ላይኛው ፎቅ ባዶ ነው። ዘበኛው እንኳ ታርቆ ገብቷል።
ለእኔም መስኮቱ ሥር ቦታ ይይዙልኛል። ነገ መርፌዬን ይዤ እወርዳለሁ።