ባለ ሠላሳ ሁለቱ ሚሞሪ

ይድረስ ጅዳ ላለኸው ወንድሜ ለዩኑስ። አሰላሙ አለይኩም፤ እንዴት ከርመሃል? እኛ ከእናታችን ጀምሮ እስከ ዶሮዎቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የሞባይል ሱቄም ደህና ነው። ለሱቁ የስልክ ሚሞሪ ስገዛ የተጻፈበትን የጊጋ ቁጥር አላምንም፤ ዘፈን እስኪሞላ ጭኜ የመጨረሻው ከተከፈተልኝ ብቻ እወስዳለሁ። ቅዳሜ ከገሳይ የመጡት አያ ደርሶ ባለ አራት ጊጋውን በአንድ እጃቸው፣ ባለ ሠላሳ ሁለቱን በሌላው ይዘው ሲመዝኑ ቆዩና «አንቺ ልጅ፣ እኩል እኮ ናቸው! ዋጋቸው ስለምን ተለያየ?» አሉኝ።

«እኩል የሆኑት ባዶ ስለሆኑ ነው፣ አያ።»

«እንግዲያው ጭነሽ አሳዪኝ!»

ትልቁን ሞልቼ ሰጠኋቸው። እንደገና መዘኑና «አዎ፣ አሁን ከበደ» ብለው ገዙት።

እናታችን የላክኸውን ድምፅ በየቀኑ ትሰማለች። «ልጄ ወሬ አያልቅበትም ነበር፤ ምነው አጠረ?» አለችኝ። ያጠረውስ በየመሃሉ የምትስለውን ሳል እየቆረጥሁ አውጥቼው ነው። ለእሷ ግን «ሚሞሪው ትንሽ ሆኖ ነው» አልኋት።

አሁን ለዑምራ በሚመጡት በሐጂ አሚን እጅ ባለ ሠላሳ ሁለት ልኬልሃለሁ፤ እስከ ጫፉ ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሂድ፣ ከዚያ ድምፅህን ቅዳበት። ይህን ትንሽ ነው ብላት አታምነኝም።

አላህ ደረትህን ከብርድ ይጠብቅልን።

እህትህ ከድጃ፣ ከደብረ ታቦር