የወደቀችውን እስከ ነገ ጠብቁ፦ የቢምቢ የሕይወት ታሪክ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ቢምቢ» እያለ የሚጠራቸው ልጃችን ከአባታቸው ከአውቶቡስ ሹፌሩ እና ከእናታቸው ከልብስ አጣቢዋ፣ ከድልድዩ ማዶ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ዝናባማ ማክሰኞ ተወለዱ። ይህን ጽሑፍ የጻፈችው እናታቸው ናት። ለሞተ ሰው «አንቱ» ተብሎ ይጻፋል ስላሏት እንደዚያው አድርጋለች። ራሳቸው ቢሰሙ ኖሮ «እማዬ፣ ደግሞ መቼ አረጀሁ?» ብለው በሳቁ ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ትምህርት ቤት ገቡ። በዘጠኝ ዓመታቸው ወባ ይዟቸው አሥራ አንድ ቀን ተኙ። እናት ከአልጋቸው አጠገብ አልተነሣችም። ትኩሳቱ ሲለቃቸው መጀመሪያ የጠየቁት ምግብ አልነበረም፤ «የነከሰችኝ የት ሄደች?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ከውሃ በርሜሉ ውስጥ የትንኝ እጭ በጠርሙስ እየቀዱ አልጋ ሥር ማሳደግ ጀመሩ። አንድ ቀን ጠርሙሱ ውስጥ የነበሩት ክንፍ አውጥተው ቤቱን ሞሉት። እናት ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ፤ ቅጽል ስማቸውም ያን ዕለት ወጣ።

ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሕይወት ሳይንስ አጠኑ። አባታቸው የምረቃቸውን ቀን አይተው በዚያው ዓመት አረፉ። በሃያ ሦስት ዓመታቸው በምርምር ተቋም ውስጥ «ትንኝ ቤት» በሚባለው ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ እንደ ልብስ ማጠቢያ ቤት ይሞቃል። እጮቹ በነጭ ሳህን ውስጥ ይዋኛሉ፣ የተፈጨ የዓሣ መኖ ይበላሉ። ክንፍ ሲያወጡ በመረብ ሳጥን ይገባሉ፤ ጥጥ በስኳር ውሃ ተነክሮ ይሰጣቸዋል። ደም የሚጠጡት ሴቶቹ ብቻ ናቸውና ልጃችን ከበሽታ ንጹሕ ሆነው ላደጉት ትንኞች የገዛ ክንዳቸውን ይሰጡ ነበር። እናት ይህን ባወቀች ጊዜ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

የክፍሉን ማሞቂያ ሊጠግን የመጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ክንዳቸውን አይቶ «ማነው እንዲህ የነከሰሽ?» ቢላቸው፣ «ሦስት መቶ ሴቶች» አሉት። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ተጋቡ። ዛሬ ስድስት ዓመቷን የያዘች አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው የሆነውን እናት አትረሳውም። መድኃኒት በተነከረው አጎበሯ ላይ ትንኞች ያለ ፍርሃት እያረፉ እየተነሡ መሄድ ጀመሩ። ለልጇ ብትነግራቸው ተቆጧት። «እማዬ፣ አጎበሩን እንደ ሆቴል አንሶላ በበረኪና ፈትገሽ አጥበሽዋል! መድኃኒቱ አለቀ» አሉና አዲስ አመጡላት። በአዲሱም ያው ሆነ። ያን ጊዜ ውስጡ በመረብ በተጋረደ ቱቦ በአፋቸው እየሳቡ ከመኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ትንኞቹን አንድ በአንድ ለቀሟቸው፤ እንቁላል አስጥለው ልጆቻቸውን አሳደጉ።

የሥራቸው ሥርዓት እንዲህ ነው። ትንኞቹ መድኃኒት በተነከረ ወረቀት በተለበጠ ቱቦ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆያሉ፤ ከዚያ ወደ ንጹሕ ቱቦ ይዛወራሉ። የወደቀች ሁሉ ግን ሞተች አትባልም። ሃያ አራት ሰዓት ሲሞላ ነው የሚቆጠረው። ከመኝታ ቤቷ ትንኞች ልጆች መቶው በተፈተኑበት ቀን እናት አብራ ነበረች። ከመቶዎቹ አብዛኞቹ ወድቀው ስታይ «ይኸው፣ አለቁ!» አለች። ልጇም «እማዬ፣ የወደቀችውን እስከ ነገ ጠብቂ» አሏት። በማግስቱ ስልሳ አንዱ ተነሥተው ቱቦው ውስጥ ቆመዋል። ልጃችን ወረቀቱ አርጅቶ እንደሆነ ብለው መድኃኒት አይተው የማያውቁትን የትንኝ ቤቱን ትንኞች በዚያው ወረቀት ፈተኑ፤ እነዚያ አንድ ሳይቀሩ ሞቱ። ወረቀቱ ደህና ነበረ።

ማታውኑ ወደ እናታቸው መጥተው «ማሪኝ፤ ጥፋቱ የበረኪናሽ አይደለም፤ የትንኞቹ ዘር ነው የተለወጠው» አሏት። ቁልፍ ያው ሆኖ ጓጉንቸሩ ሲለወጥ በሩ እንደማይከፈት፣ መድኃኒቱም ትንኟን የሚይዝባት ቦታ በዘሯ ውስጥ ስለተለወጠ ሊይዛት አልቻለም። ለውጡ የሌላት ትሞታለች፤ ያላት ትተርፍና ለልጆቿ ታወርሳለች። ልጃችን የቀረ ዕድሜያቸውን ያንን ለውጥ ሲከተሉ፣ በሁለት መድኃኒት የተነከረ አጎበር ሲፈትኑ ኖሩ።

እናትንም ከሦስት ዓመት በፊት የጎልማሶች ትምህርት ያስገቧት እሳቸው ናቸው። በዕረፍት ቀኗ ትንኝ ቤት እየወሰዱ ከቆጠራው ሥር «ቆመች»፣ «ሞተች» እያሉ ያስጽፏት ነበር። ከክፍል ውጭ መጀመሪያ የጻፈችው ቃል «ሞተች» ነው። ፊደሉ ቢንጋደድባት ባልደረባቸው፣ ትንኝ አርቢው፣ «እማማ፣ ይቺስ ገና እየተንፈራገጠች ነው» ብሎ አሳቃቸው።

ከትናንት በስቲያ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጃቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው ወደ ትንኝ ቤቱ የሚያወጣውን ደረጃ ሲወጡ ወደቁ። ሕመም አልነበራቸውም። ማክሰኞ ማታ በስልክ «አንቺ ጋ የወደቀውን የልጅቷን የሹራብ ቁልፍ ትተክይልኛለሽ» ብለዋት ነበር፤ ቁልፉ እስካሁን በእናት ኪስ ውስጥ አለ። ሐኪሙ በጭንቅላታቸው ውስጥ የደም ሥር ፈንድቷል አለ። ትንኝ ገደለቻቸው የሚለው ወሬ ሐሰት ነው።

ሐኪሙ «አርፈዋል» ሲል እናት «ወድቃ ነው፤ እስከ ነገ ጠብቁ» አለች። ሐኪሙ ግራ ገባው። ባለቤታቸውና ትንኝ አርቢው ግን ገባቸው፤ ግራና ቀኟ ተቀመጡ። ቀብሩ ሐሙስ መሆኑ ቀርቶ ዛሬ ዓርብ የሆነው በዚህ ነው፤ ስላዘገየናችሁ ይቅርታ። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሞላ እናት እጃቸውን ነካች። ከዚያ እርሳስ ለምና ያንን ቃል ጻፈች።

ልጃችን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውንና እናታቸውን ትተው ሄደዋል። ከእናት መኝታ ቤት የተለቀሙት ትንኞች ዘርም አሁን አርባ ሁለተኛ ትውልድ ላይ ነው። የአዲሱ አጎበር ፈተና ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የሚመግባቸው ሰው ስለጎደለ ሳጥኖቹ ይወገዱ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። እናት እሺ አላለችም። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ትንኝ ቤት ትሆናለች። ለማጽናናት የምትመጡ ወዳጆች በዚያ ሰዓት ብታጧት አትቀየሟት። ሳጥኖቹ ላይ ያለው የልጇ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ማንበብ ትችላለች። ትመግባለች፣ ትቆጥራለች፤ ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ ግን «ሞተች» ብላ አትጽፍም።

ፈጣሪ የልጃችንን ነፍስ በእቅፉ ያኑርልን። እኛ የጠበቅናቸው አንድ ቀን ነው፤ የቀረውን እሱ ይጠብቅልን።