የሀሊማ የዓርብ ውኃ

ሰኞ

ሀሊማ የምትባል ገበሬ ከጀልዴሳ ጋዜጣችን ዝግጅት ክፍል ድረስ መጥታ አንድ ፌስታል ቲማቲም ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈች። የሁሉም የታች ጫፍ ጠቁሯል፤ ጎድጉዶ እንደ ቆዳ ደርቋል።

«አቦ፣ የኔን ማሳ በሽታ ያልከው አንተ ነህ?»

እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ፊት ገጽ ላይ፦ በጀልዴሳ ተላላፊ የቲማቲም በሽታ ታየ። ምንጬ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ በስልክ። ማሳውን አላየሁም። ባለሙያውም በፎቶ እንጂ በዓይኑ እንዳላየው የሰማሁት ዛሬ ከእሷ ነው።

ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ያላት ያ ግማሽ ሄክታር ብቻ ነው። ጎረቤቶቿ ጋዜጣውን አስነብበው ፈርተዋል፤ እስከ እሁድ ነቅላ እንድታቃጥል ነግረዋታል። እስክትነቅል ድረስ ሁሉም ከሚጋሩት ፓምፕ ውኃ አይለቀቅላትም።

«ልጆቼን ምን ላብላቸው፣ ጋዜጣ?»

ተናድጄ ዋልኩ። በማን እንደሆነ ገና አልለየሁም።

ማክሰኞ

ባለሙያው ጋ ደወልኩ። መጥተው ይዩት አልኩት። መኪና የለም አለ።

«ታዲያ ተላላፊ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ምልክቱ ይመስላል።»

ይመስላል! ያኔ «ነው» ነበር ያለኝ፤ ደብተሬ ላይ ሰፍሯል። እሱ ቃሉን ቀየረ፤ ማሳው ግን በመጀመሪያው ቃል ሊነቀል ነው።

ማታ ለሀሊማ ደውዬ ምን ምን እንደረጨች ጠየቅኳት። ለትል አንድ ጊዜ። ለሻጋታ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሻጩ ምን እንደሆነ ያልነገራት ቢጫ ጠርሙስ። ሁሉም «ይመስላል» እየተባለ።

ረቡዕ

በጠዋት ሚኒባስ ጀልዴሳ ወረድኩ። ከመጻፌ በፊት ማየት የነበረብኝ ይህን ነው፦

መሬቱ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። ሀሊማ ቆንጥራ ቀመሰችና ዘረጋችልኝ። ጨው ነው።

ዐሥራ ሁለት የጠቆሩ ፍሬዎች ሰነጠቅን። አንድ ትል የለም።

በማሳው ጠርዝ የሚያልፈው የሲሚንቶ ቦይ በተሰነጠቀበት በኩል ውኃ ቀን ከሌት ያንጠባጥባል። እዚያ ያሉት ሁለት መደዳዎች ፍሬያቸው ንጹሕ ነው። አንድም የጠቆረ አላገኘሁም።

«ወሪያ፣ በሽታው ቦዩን ይፈራል እንዴ? እዚህ ሲደርስ ይመለሳል?» አለች። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም።

እዚያው ቆሜ ለአልማዝ ደወልኩ፤ የአፈር ትምህርት ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ወዳጄ ናት። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት።

«በሽታ አይደለም፤ ረሃብ ነው» አለችኝ። «ፍሬው ካልሲየም አጥሮታል።»

«የእኛ አፈር ኖራ ሞልቶት?»

«መሬት ውስጥ መኖሩ ምን ያደርጋል? ፍሬው ዘንድ የሚያደርሰው ውኃ ነው። መሬቱ ደርቆ ሰንብቶ ድንገት ሲጥለቀለቅ፣ በዚያ ላይ ጨው ሥሩን ሲይዘው፣ አይደርስም። በስንት ቀን ነው የምታጠጣው?»

ሐሙስ

በሳምንት አንዴ። ዓርብ፣ ያውም ግማሽ ቀን፤ ፓምፑ ለጁምዓ ቆሞ ከሶላት በኋላ ነው የሚነሳው።

ተራ ሲከፋፈሉ ዓርብን የፈለገ አልነበረም። የሀሊማ ባል መስጊድ የሚያጸዳ ሰው ነበር፤ «እኔ እዚያው ነኝ፣ ዓርብ የኔ ይሁን» ብሎ ወሰደው። ሁሉም መረቀው። እሱ ሞተ፣ ምርቃቱም ተረሳ፤ ግማሽ ቀኑ ግን ለእሷ ቀረ። ሳምንቱን እንዲያዘልቅላት ብላ በዚያች ከሰዓት ማሳውን ታጥለቀልቀዋለች።

ሰው ለቸርነቱ እንዲህ ይቀጣል? ሁለት ዓመት ሙሉ «ይበቃሻል ወይ?» ያላት የለም። ሲነቀል ግን ሁሉም ይደርሳል።

የውኃውን ተራ የሚመሩትን አባ ሙሜን አገኘኋቸው።

«ጋዜጣው በሽታ ነው ብሏል» አሉኝ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ።»

«አንተን መች አውቅሃለሁ? ለሰው ያስነበብኩት ጋዜጣውን ነው። ራሱ ይናገር።»

ልክ ናቸው። ይህም አናደደኝ።

ዓርብ

እርማቱን ጻፍኩ፦ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም፤ ውኃ በየጊዜው ስለማያገኝ ነው። ዋና አዘጋጁ «ውስጥ ገጽ፣ ሁለት መስመር» አለ። ስህተቱ ፊት ገጽ ነበር አልኩት። «ራስህን ልታዋርድ ነው?» ሲል ማሳው ከእኔ በፊት መዋረዱን ነገርኩት። ድምፃችን ከፍ ሳይል አልቀረም። በመጨረሻ ፊት ገጽ ሰጠኝ፣ ከነስሜ።

ከሰዓት ሀሊማ ደወለች። ተራዋ ነበር። አልለቀቁላትም።

ቅዳሜ

ጋዜጣውን ይዤ ወረድኩ። ፓምፑ ቤት ደጃፍ ላይ አባ ሙሜ ራሴን አስነበቡኝ፣ ጮክ ብዬ። ስህተቱ የማን እንደሆነ የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ስሜን ደግሜ አነበብኩት።

አንዱ ጎረቤት ወዲያው ተነሳ። «እሺ፣ አይተላለፍም። ታዲያ አሁን ከኛ ተራ ልትቆርሱላት ነው?»

ሀሊማ ከቦዩ አጠገብ የለቀመችውን ንጹሕ ቲማቲም በአንድ እጇ፣ የጠቆረውን በሌላው ይዛ ቆመች።

«ባሌ ዓርብን ሲወስድ ማነው ቀድሞ ‹ጀዛከላህ› ብሎ የመረቀው? ያ ሰውዬ ሰኞ ጠዋት የሁለት ሰዓት ውኃ ይስጠኝ። ሌላ አልፈልግም።»

አንዱ ጫማውን ያይ ጀመር።

«እኔ ነበርኩ» አሉ አባ ሙሜ። ሰኞ የእሳቸው ተራ ነው።

ስለዚህ ነገ አይነቀልም። አዲሱ ፍሬ አድጎ እስኪታይ ጊዜ ሰጥተዋታል፤ ከጠቆረ ግን መነቀሉ አይቀርም ብለዋል። አልማዝ ባለችው መሠረት የማሽላ አገዳ ቆራርጠን በመደዳዎቹ መሐል ያለውን መሬት አለበስነው፣ እርጥበት እንዲይዝ። ወገቤን አሞኛል።

ልሄድ ስል ጎንበስ ብዬ ሽምብራ የሚያካክሉትን አዲስ ፍሬዎች አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ንጹሕ ናቸው። ግን የሚጠቁሩት ሲያድጉ ነው፤ ገና ነው።

ሰኞ ውኃው ሲለቀቅ እዚያ እቆማለሁ። ስልክ ደውዬ አልጠይቅም።