ራዲዮ ዝም ያለ ሰሞን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጥፋቱ የኔ ነው። ይኸው፣ ቢያንስ እዚህ ጻፍኩት። የራዲዮ መኪና ዳገት መሃል ጉልበት አጥታ የቆመችው በኔ እጅ ሥራ ነው። ካወቅሁት ሰነበትኩ... አፌን ግን አልከፈትኩም።

ሌላው እንደወትሮው። ሁለት ዘይት ቅያሪ፣ አንድ የፍሬን ሸራ። ጎሚስታው ከምሳ በኋላ የተደረደረ ጎማ ላይ አንቀላፍቶ ወደቀና «ማን ገፋኝ?» እያለ ሲቆጣን ዋለ። የጋራዡ ግቢ በሙሉ ሳቀ። ራዲዮ ብቻ አልሳቀም። የውሃ ቱቦ ይዞ የሰው መኪና ያጥባል።

ራዲዮ የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከባድ መኪና ሹፌር። ስሙን ያወጡለት ስለማይዘጋ ነው። እያወራ ከግቢ ይወጣል፣ ከሳምንት በኋላ ያቋረጠበት ላይ ቀጥሎ ይገባል። ከመኪናው ካወረዱት ወዲህ ግን ዝም። «እሺ» እና «ደህና» ብቻ ቀሩት።

መጀመሪያ ሰሞን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ዝምታው ተስማምቶኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። ተጽፎ ሲታይ ምናልባት ያንስ ይሆን?

የነዚህ የአዲሶቹ መኪናዎች ጭስ ማውጫ ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አለ። አጠገቡ ደግሞ የክብሪት ሳጥን የምታህል ሴንሰር። ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይገቡባታል፤ አንዱ ከማጣሪያው በፊት፣ አንዱ ከማጣሪያው በኋላ። በሁለቱ መሃል ያለውን የግፊት ልዩነት እያነበበች «ሞልቷል፣ ጥቀርሻው ይቃጠል» ትላለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ቱቦዎቹ ቦታ ከተለዋወጡባት ግን ሁሉን ገልብጣ ታነባለች። ማጣሪያው ይሞላል፣ ማንም አያውቅም፣ መኪናዋ ትታፈናለች።

ባለቤቴ ሹራብ ትሠራ ነበር። ቱቦዎቹን በፈታሁ ቁጥር ከማጣሪያው በፊት ያለውን እንዳላምታታው በቀይ ክር አስረው ነበር፤ ክሩን የምትቆርጥልኝ እሷ ነበረች። «ለጭነት መኪና ሹራብ እየሠራሁ መሆኔን ማን ያምነኛል?» ትል ነበር። ስትሞት ጥቂት ክር ቀረኝ። እየቆረጥኩ፣ እየቆረጥኩ... አንዲት ቀረች። በወረቀት ጠቅልዬ በመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አኖርኳት።

ነሐሴ ላይ የራዲዮን መኪና ማጣሪያ ለማጽዳት ሳወርድ ክሯን አወጣኋት። አየኋት። መለስኳት። በቅባት ላጨማልቃት? ሳሳሁላት። ስንት ዓመት የሠራሁትን ዓይኔን ጨፍኜም አልስተውም አልኩ። ቦታው ጠባብ ነው፣ ዓይን አይደርስበትም፣ በዳሰሳ ነው የሚታሰረው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳትኩ።

ሌላ ቀይ ክር ገበያው ሞልቶት የለም እንዴ? ይህ ትዝ ያለኝ ዛሬ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የትናንቱ አላነሰም። እንዲያውም ቀሪው ይብሳል።

መብራቱ በራ። ሴንሰሯ ናት ብዬ ቀየርኳት፤ ቱቦዎቹን እንደነበሩ መልሼ። በራ። ሁለተኛዋን ቀየርኩ። በራ። ሦስተኛዋን። በመጨረሻ ዳገት ላይ ጭነቷን እንደያዘች ቆመች። ከኋላዋ መንገዱ ተዘጋ። ራዲዮ ከካቢና ወርዶ ለተቆጣው ሕዝብ ስለ መኪናዋ አስተዳደግ ሲያስረዳ ነው ያመሸው አሉ።

ሴንሰሮቹን አንድ ቀን ቤት ወስጄ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ከመለኪያ ጋር አገናኘሁና ቀዳዳቸውን በአፌ ነፋሁ። ልጄ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ «አባዬ፣ ዋሽንት ጀመርክ?» አለችኝ። ምላሴ ጥቀርሻ ጥቀርሻ አለኝ። ሦስቱም ደህና ናቸው። ሦስት ንጹሐን። ያኔ ነው ቱቦዎቹን መሳቴ የገባኝ።

ግን በዚያው ሰሞን አለቃችን፣ የግቢው እመቤት፣ ፈርደው ነበር። «ራዲዮ ሰማያዊውን ፈሳሽ በውሃ ቀላቅሎታል» አሉ። ያ ፈሳሽ ጭሱን የሚያጠራው ነው፤ የራሱ ጋን፣ የራሱ ሴንሰር አለው። ውሃ ቢገባበት የሚጮኸው ሌላው እንጂ የግፊቷ ሴንሰር አይደለችም። እኔ ይህንን አውቃለሁ። አለቃችን ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲሉኝ ግን ምን አልኩ?

«ሴንሰር አይዋሽም። የሚዋሸው ሰው ነው።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጎሚስታው ግድግዳው ላይ በኖራ ጻፈው። እስከ ዛሬ አለ። በየቀኑ ከሥሩ ነው እጄን የምታጠበው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አለቃችን ጠሩኝ። የሚመጣው ሳምንት አርብ ሹፌሮች በሙሉ ይሰበሰባሉ፤ ስለ ጭስ ሴንሰር አያያዝ ትምህርት ስጥ አሉኝ። እኔ! «ከዚያ በኋላ ራዲዮን እናሰናብታለን፣ ለሌላው መቀጣጫ ይሁን» አሉ። ማሰናበት? ማጠብ ይበቃው መስሎኝ...

«ምነው፣ አመመህ?» አሉኝ።

ጨጓራዬ ነው አልኩ። ሌላ ውሸት። ለጨጓራ የሚሆን እንክብል ሰጡኝ። ዋጥኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ለትምህርቱ የምናገረውን ወረቀት ላይ ለመጻፍ ሞከርኩ። የሴንሰር ሶኬት ላይ በግፊት ውሃ አትርጩ። የጭሱን ሴንሰር ትኩስ ሳለ አታርጥቡት፣ ውስጡ እንደ ሸክላ ነው፣ ይሰነጠቃል። ጥቀርሻውን ማቃጠል ስትጀምር ሞተር አታጥፉባት፣ ትጨርስ። በሰማያዊው ፈሳሽ ጋን ሌላ ነገር አትጨምሩ። ቱቦዎቹ እንዳይደፈኑና እንዳይሰነጠቁ እዩአቸው። መብራት ሲበራ ቶሎ ተናገሩ፤ ዛሬ ያልተነገረ ነገ...

እዚህ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ቀለም አልጨረሰም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ራዲዮ እንደ ሁልጊዜው ምሳ መጣ። ድሮ እሱ ሲያወራ ሁለት ሳህን እበላ ነበር። ዛሬ የማንኪያ ድምፅ ብቻ። ልጄ «አጎቴ፣ አንድ ነገር አውራ እንጂ» ብትለው «ደህና» አላት።

ልጄ ሳህን ልታጥብ ስትነሣ ወንበሩን አስጠጋ።

«ጋሼ፣ የምነግርህ ነገር አለ። ለማንም አትንገርብኝ።»

አወቀ እንዴ?

«እውነታቸውን ነው። ውሃ ጨምሬያለሁ። አንድ ጊዜ፣ መንገድ ላይ ፈሳሹ አልቆብኝ... ሁለት ጠርሙስ። የምጠጣውን። በማግስቱ አድርቄ በደህናው ሞላሁት። ግን ይኸው እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህ ሰውዬ በኔ ጥፋት ተጸጽቶ ሊሞት ነው። ያ የሁለት ጠርሙስ ነገር የዛሬ ዓመት ግድም መሆኑን ሲነግረኝማ... ያኔ እኮ ሌላው ሴንሰር ጮኾ፣ እኔው ራሴ አይቼ፣ ያለፈ ነገር ነው ብዬ መብራቱን አጥፍቼዋለሁ!

ምን ብዬ መለስኩ? «አይዞህ» አልኩት። አይዞህ! «በጸሎትህ አስበኝ» አለኝ። እሺ አልኩ። የሱን ውሃ ሰማሁ፣ የኔን ቱቦ ዋጥኩ። ባለቤቴ ብትኖር ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ ትረግጠኝ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

መላ መታሁ። ማንም ሳያይ ቱቦዎቹን ልቀያይራቸው። መኪናዋ ራሷ ዳነች ይባላል፣ ራዲዮ ይመለሳል፣ እኔም... ብቻ ሁሉም ያልፋል።

ሁሉም ምሳ ሲገባ ከመኪናዋ ሥር ተጋደምኩ። ካቻቢቴዬን የቱቦው ማጠንጠኛ ላይ እንዳሳረፍኩ ሁለት ጫማ መጣ። ጥበቃው ነው።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ቁልፍ... አንድ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ወድቆብኝ...»

ደግ ሰው ነው፣ ምን ላድርገው? እሱም ተጋደመ። ጎሚስታውንም ጠራ። ሦስታችን ሆዳችን መሬት ላይ፣ የሌለ ቁልፍ እንፈልጋለን። ጎሚስታው «እንዴት ያለ ነው?» ይለኛል፤ እኔም እገልጻለሁ፣ እጀታው ትንሽ የጎበጠ ነው እላለሁ። በመጨረሻ ጥበቃው ከኋላ ጎማው አጠገብ አገኘው። እጀታው የጎበጠ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ! ከየት እንደመጣ ፈጣሪ ይወቀው። አመስግኜ ኪሴ ከተትኩ።

የዋሸሁትን እውነት አድርጎ የሚሰጠኝ ከሆነ ምን ሊለኝ ፈልጎ ነው? ቁልፉ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ያየኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ቁልፉ የጎሚስታው ሆኖ ተገኘ። ከፋሲካ... አይ፣ ከዚያም በፊት የጠፋበት። መለስኩለት። ቀኑን ሙሉ ሌባ አለኝ።

ስለ ቁልፉ መሰደቤ ትንሽ ቀለል አደረገኝ። ይገርማል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ጸሎቴ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። «በደላችንን» እስከሚለው ድረስ ደህና እሄዳለሁ... ከዚያ ዳገት ነው። ጉልበት የለኝም። እንደገና ከላይ እጀምራለሁ፣ እዚያው ላይ እቆማለሁ። ዛሬ አራት ጊዜ።

ለካስ እኔም ውስጤ ሞልቷል። መብራቱ ከመቼ ጀምሮ እየበራ ነው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ልጄ ሸሚዜን ተኮሰችልኝ። «አባዬ፣ ነገ መምህር ነህ» አለች። ምንም አልበላሁም። ክሯን ከነወረቀቷ ኪሴ ከተትኩ። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩትም።

አርብ፣ ጥቅምት 15

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሹፌሮቹ ጎማና ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። አለቃችን ፊት። ራዲዮ ከኋላ፣ መኪና የሚያጥብበትን ቦቲ እንዳደረገ። እኔ በኖራ ከተጻፈው አባባሌ ሥር። ወረቀቴን ዘረጋሁ። ስለ ግፊት ውሃ፣ ስለ ሸክላው፣ ሞተር ስላለማጥፋት ተናገርኩ። ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ፤ መብራት ሲበራ ቶሎ ተናገሩ የሚለው። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«የራዲዮን መኪና ቱቦዎች ያቀያየርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ አላጠፋም።»

ጎሚስታው አጠገቡ ያለውን «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀው። ያም አልሰማም። «ድምፅህን ከፍ አድርግልን» አሉኝ አለቃችን። ስለዚህ ደገምኩት፣ ጮክ ብዬ። የከበደኝ ሁለተኛው ነው።

አለቃችን መነጽራቸውን አወለቁ። «የቀየርካቸው ሴንሰሮችስ?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ አንድ ባንድ ደረደርኳቸው። «ደህና ናቸው እመቤቴ። ምንም አልበደሉም።»

ራዲዮ ተነሣ። ቦቲው ጭቅ ጭቅ እያለ ፊቴ ድረስ መጣ። ሊመታኝ ነው አልኩ፤ ይገባኛልም።

«ጋሼ... እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ ውሃ በጠጣሁ ቁጥር ስጸጸት ነበር።»

«የምን ውሃ?» አሉ አለቃችን።

እኔ ምስጢሩን ጠብቄለት ነበር። እሱ ግን ራዲዮ አይደለም? ሁለቱን ጠርሙስ፣ የጠርሙሱን ዓይነት፣ የዕለቱን ሙቀት፣ የሸጠለትን ሰውዬ ጢም... ሁሉንም ዘረገፈው። አለቃችን እጃቸውን እስኪያነሡ ድረስ። «ይበቃል። ስለ ውሃው ተገሥጸሃል። ወደ መኪናህ ተመለስ። አንተ ደግሞ» አሉኝ፣ «እሱ ሲያጥብ የቆየውን ያህል ታጥባለህ።» እሺ አልኩ። ቅጣት ሲሰጡኝ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም።

ጎሚስታው ጨርቅ አርጥቦ የግድግዳውን ጽሑፍ ሊያጠፋ ሄደ። የመጀመሪያውን ግማሽ ተወው። ሴንሰር አይዋሽም የሚለውን።

ራዲዮ ይቅር አላለኝም። ለምን እንዳላለኝ ሲያስረዳኝ መኪናዋ የታመቀ ጥቀርሻዋን አቃጥላ ጨረሰች፣ መብራቱም ጠፋ፣ እሱ ገና የንግግሩ መግቢያ ላይ ነበር። ከካቢናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ እያወራ ከግቢ ወጣ። ከሳምንት በኋላ ከዚያው ላይ ይቀጥላል።

ሞተሯ ከመነሣቱ በፊት ግን፣ እሱ ከላይ እየወቀሰኝ፣ እኔ ከሥር ተጋድሜ፣ ቱቦዎቹን በየቦታቸው መለስኳቸው። በዳሰሳ አይደለም፤ ጥበቃው ባትሪ አብርቶልኝ፣ እያየሁ። ከዚያ ክሯን ከወረቀቷ አወጣሁና ከማጣሪያው በፊት ባለው ቱቦ ላይ ሁለት ዙር አሰርኳት። ወዲያው በቅባት ጠቆረች።