የበርበሬው ምስክር

ቡሬ፣ ጥር 1989

«ገበያ ፎቶ ለማንሳት ጎጃም ድረስ?» ብለሽ የሳቅሽብኝ ሳሌም፣ ዛሬ ብታዪኝማ በሳቅ ትፈርሺ ነበር።

ፊልሜ ላይ አንድ ፎቶ ብቻ ቀርቶኝ በርበሬ ተራ ገባሁ። ወይዘሮ በለጠች የሚባሉ ሻጭ ፈቅደውልኝ ካሜራዬን ወደ ቀዩ የዛላ ክምራቸው ሳነጣጥር አስነጠሰኝ። ተራው በሙሉ «ይማርህ!» አለ። ሁለተኛም ሦስተኛም ደገመኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል እሳቸው ብድግ ብለው፣ «ስማ አገር! ዛላው ሳይወቀጥ እንዲህ ያስነጠሰ፣ ተወቅጦማ ምን ሊያደርግ ነው!» ብለው ተጣሩ። ገዢ ወረራቸው። «አንተ ልጅ፣ በርበሬዬ እስኪያልቅ ንቅንቅ እንዳትል!» ብለው ከጎናቸው አስቀምጠው በርበሬ አስዘገኑኝ። እኛ ጋ ሾላ ገበያ ካሜራ ሳወጣ «ከየትኛው ጋዜጣ ነህ?» እባላለሁ፤ እዚህ በአፍንጫዬ ምስክር ሆኜ ዋልኩ።

ጆንያው ባዶ ሲሆን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «በል አሁን አንሳኝ» አሉ። ቁልፉን ስጫን አሁንም አስነጠሰኝ! የእሳቸው ሳቅ ይውጣ ወይስ የቡሬ ሰማይ፣ ፊልሙ ሲታጠብ እናያለን።

ለእማማ ጤና ይስጥልኝ በይልኝ፤ ወንድምሽን አሸናፊን ሳሚልኝ። ቦታ አለቀብኝ። ይህን የጻፍኩት በርበሬ ሲዘግን በዋለ እጄ ነውና፣ አንብበሽ ስትጨርሺ ካስነጠሰሽ ከወዲሁ ይማርሽ።

እንግዳው