ገመዱን ማን ያዘው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ገመዴን በሁለት ጣቷ አንስታ «ይኼስ ለማስታወሻ ይቀመጥ፣ አባባ» አለችኝ። ለማስታወሻ! የበሬ ቆዳ ነው። ራሴ የተለተልኩት፣ ራሴ በሦስት የገመድኩት፣ በየክረምቱ ሞራ የማጠጣው ጠፍር ነው። አርባ ዓመት ማር ልቆርጥ ንብ ገደልን አውርዶ አውጥቶኛል።

ልጅቱ የገደል መውረድ አሰልጣኝ ናት። ትዕግሥት ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣች። ወረዳው የገደል ማር ቆራጮችን በማኅበር አደራጀና ከእንግዲህ ያለ ዕቃና ያለ ስልጠና መውረድ የለም አለ። አሥራ ሁለት ነን። ዕቃውን ከመካነ ሰላም በፒካፕ አምጥታ ሜዳው ላይ ሸራ አነጠፈችና በሁለት ከመረችው። አንዱ ክምር ለጀማሪ፣ አንዱ ለነባር።

«ድንጋዩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ያስመርጡኝ» አለች። እዚህ ላይ ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ያስመረጥኳት ይኼ ነው።

ገመድ። ቀጭኑን ለነባር፣ ወፍራሙን ለጀማሪ ብላ ነበር። የኛ ገደል አፋፉ ስለት ነው፣ ቀጭኑን ይበላዋል፣ ለሁሉም ወፍራሙ ይሁን አልኩ። አፋፉን ሄዳ በእጇ ዳሰሰችና «ልክ ነዎት» አለች። ሰው ሁሉ ሰማ።

ጫማ። ጣት የሚያጣብቀው ስስ ጫማ ለነባር፣ ሶሉ ወፈር ያለው ለጀማሪ። ስሱን ለካሁት። ጣቶቼን አንድ ላይ አጨማደዳቸው፤ ግን ትንሽዋ ስንጥቅ እንኳ ከስሩ ትታወቃለች። ስሱን ወሰድኩ።

ቆብ። የፕላስቲክ ነው። ለጀማሪ ይሁን አልኩ። ለሁሉም ነው አለች። ድንጋይ ከላይ ሲለቀቅ ነባሩን ለይቶ አይዘልም አለች። ራሴ ላይ ደፋሁት።

የወገብና የጭን ቀበቶ። ጠፍሩ ብብቴን ሲገዘግዘኝ ነው የኖርኩት፤ ይኼ እንደ ወንበር ያስቀምጣል። ጥሩ ነው። ግን ጥሩ ነው አላልኳትም።

ከዚያ «ሲወርዱ ከላይ ማን ነው የሚይዝዎት?» አለችኝ።

ይማም አልኳት። ይማም ጎረቤቴ ነው፤ እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ አጥራችን አንድ ነው። እኔ እወርዳለሁ፣ እሱ ይይዛል። ገመዱን በወገቡ አዙሮ፣ ተረከዙን ድንጋይ ላይ ተክሎ፣ በሁለት እጁ። ከአፋፉ ስር ስገባ «ያዝክ?» እላለሁ። «ይዤሃለሁ» ይላል። ያን ሳልሰማ እጄን ከድንጋይ አልለቅም። የእናቴ ልጅ እንኳ እንደሱ አይይዘኝም አልኳት፣ ሰው ሁሉ ፊት። ይማም መሬት መሬት ያይ ነበር። ሲያመሰግኑት ያፍራል ብዬ ተውኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ዛሬ ፊደሌ ተወላግዷል። ቁጣ ነው፣ እርጅና አይደለም።

ዛሬ አፋፉ ላይ ወጣን። ትዕግሥት «ዱሮ የምትሠሩትን እንዳለ አሳዩኝ» አለች። ጠፍሬን ታጠቅሁ። ይማም ከቦታው ተቀመጠ፣ ተረከዙን ተከለ። ልወርድ ጀርባዬን ስሰጥ ከቁጥቋጦው ኋላ የልጅቱ ድምፅ መጣ።

«ኧረ ይኼ ወይራ ነው ማሰሪያችሁ? በጣም ጥሩ አድርጋችኋል!»

የምን ማሰሪያ? ተመልሼ ሄድኩ። የወይራው ግንድ ላይ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ ልጡ ዙሪያውን ተልጦ ቀለበት ሠርቷል። የለሰለሰ፣ የወዛ ቀለበት። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ሞራ ነው። የኔ ጠፍር ሞራ።

«ማን ነው የዘየደው?» አለች። ሰው ሁሉ ወደ ይማም ዞረ። «አባባ ይማም፣ እርስዎ ነዎት? ብልህ ነዎት እኮ። በወገብ ከመያዝ መቶ ጊዜ ይሻላል።»

«ስንት ጊዜህ ነው?» አልኩት።

«ሦስት ማር ቆረጥን እንዲህ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሦስት ዓመት! ከዓይኔ እስኪሰወር በወገቡ ይዞ ይታየኛል። ከአፋፉ ስር ስገባ ተነስቶ ወይራው ላይ ይጠመጥመኛል። ከዚያ ጥላው ስር ቁጭ ብሎ «ይዤሃለሁ» ይላል። እኔ ታች ከንብ ጋር ነኝ፤ አምኜ እጄን ከድንጋይ እለቃለሁ።

አንዱ ከኋላ «ጋሽ ደምሌ፣ የወይራዋን ድርሻ ማር መቼ ነው የሚሰጧት?» አለ። ሳቁ። ትዕግሥትም ሳቀች፤ ኋላ ፊቴን አይታ ተወች።

ጠፍሬን ፈትቼ ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ወደ ቤቴ። ይማም «ደምሌ፣ አንተ ደምሌ» እያለ እስከ ዳገቱ ተከተለኝ። አልዞርኩም። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረው፤ ሰማሁት። አሁንም አልዞርኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27፣ መድኃኔ ዓለም

ሥራ የለም፤ ቤት ዋልኩ። ቁጭ ስል ነገሩ አንድ በአንድ መጣልኝ።

ካቻምና ስወጣ ገመዱ በዝግታ ይሳባል። «ይማም፣ ከበድኩ እንዴ?» አልኩት። «አዎ፣ ትንሽ ከበድክ» አለኝ። ከበድክ! ባለቤቴ የሺ ከሞተች ወዲህ ራቴን የማበስል እኔው ነኝ። እሷ ብትኖር እሺ አትለኝም ነበር። ክረምቱን ሙሉ በግማሽ እንጀራ አደርኩ። ሱሪዬ ከወገቤ እየወረደ በሲባጎ አሰርኩት። ይማም ይኼን ሁሉ በአጥሩ እያየ። አምና ደግሞ ስወጣ «አሁን ቀለል ብለሃል» አለኝ! በምን ለካኝ? በወይራው?

ልጄ አስናቀች አቀስታ ነው ያገባች። ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት።  

«አባዬ፣ እኔ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«አያ ይማም ነግረውኛል። ከበቅሎ ከወደቁ ወዲህ ቀኝ እጃቸው አይጨብጥም። ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም። ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብለው አስማሉኝ።»

ከበቅሎ መውደቁን አውቃለሁ። ዳንኩ ነው ያለኝ። የፆም ሲሆን በአንድ ትሪ እንበላለን፤ ጣቶቹን እንዴት አላየሁም? ስበላ ትሪውን ነው የማይ።

«አንቺስ? አባትሽ አይደለሁም?»

«ብነግርዎ መውረድዎን ይተዉ ነበር? ያለ ያዥም ይወርዱ ነበር። እኔ ዛፍ መሆኑን ስሰማ ደስ ነው ያለኝ፣ አባዬ። እውነቴን ነው።»

ዘጋሁባት። ደወለች፤ አላነሳሁም። ደወለች፤ አላነሳሁም። በሦስተኛው አነሳሁ። «ራት ይብሉ» ብላ ብቻ ዘጋችው።

እንግዲህ የከዱኝ ሦስት ናቸው፤ ይማም፣ አስናቀች፣ ወይራው። ወይራውን ይቅር ብያለሁ። እሱ ምንም አላለኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ስልጠናው ሄድኩ። ይማም አልመጣም። ይሻላል።

ፒካፑ በር ላይ የስም ዝርዝር ተለጥፏል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ቀስ ብዬ ነው የማነብ፤ ስሜን ግን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ደምሌ። መውረድ፦ ነባር። መያዝ፦ ጀማሪ።

«ይኼ የማን ሥራ ነው?» አልኳት።

«የኔ ነው። ስንት ሰው ይዘው ያውቃሉ፣ አባባ?»

ልመልስላት አሰብኩ። ማንንም። አርባ ዓመት ማንንም ይዤ አላውቅም። ይማም አንድ ቀን ልውረድ አላለኝም። እኔም አንድ ቀን ውረድ አላልኩትም።

ገመድ መያዣ ብረቱ ሁለት ዓይነት ነው። የጀማሪው፣ ገመዱ ድንገት ሲሮጥ ራሱ ይነክሰዋል። የነባሩ ክፍት ነው፤ ሥራው የእጅ ነው። የነባሩን አነሳሁ።

«የጀማሪውን ይውሰዱ።»

«አልወስድም።»

«እሺ» አለች። ከኔ ኋላ ገመዱን ሌላ ሰው አስያዘች። ዓይኔ እያየ፣ በኔ ላይ ሌላ ሰው!

ታችኛው ዐለት ላይ ነው፤ ሁለት ሰው ቢቀጣጠል ነው ቁመቱ። ወጣች። «ያዙ?» አለች። «ይዣለሁ» አልኩ። ድንጋዩን ለቀቀችው።

ገመዱ በመዳፌ ውስጥ እሳት ሆኖ አለፈ። ከኋላዬ ያለው ሰው ያዛት። እግሯ ከመሬት አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመች።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መዳፌን ቅባት ቀባችና «መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ነው» አለች። ሁሉም! እኔን ነው።

እመለስ እመለስና እዚያው ነኝ። እኔም «ይዣለሁ» ብዬ አልያዝኩም። ግን የያዝኩ መስሎኝ ነው። ይማም ግን እንዳልያዘ እያወቀ ነው። ይኼ ልዩነት ነው። ትልቅ ልዩነት ነው። ጓንት ስጪኝ ብዬ መጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ይማም መጣ። ከአጥሩ ማዶ ቆሞ «አብሽር፣ ደምሌ» አለ። ግባ አላልኩትም። እሱ አጥሩን ተደገፈ፣ እኔ ደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«እጅህ ምን ሆነ?»

«አይመለከትህም።»

«ገመድ ነው።»

«እና ቢሆንስ?»

ሊስቅ ጀመረና ዋጠው።

«ከበድክ አልከኝ» አልኩት።

«ምን ልበል? በአንድ እጄ ስስብህ ትከብዳለህ እኮ! ድንጋይ ነህ!»

«ራት ተውኩ! ሱሪዬን በሲባጎ አሰርኩ!»

«ወላሂ፣ ያችን ሲባጎ ያየሁ ቀን ልነግርህ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

አስናቀች ያለችውን ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ለአንተ አስቤ ነው፣ ያለ ያዥ ትወርዳለህ ብዬ ፈርቼ ነው፣ ይላል ብዬ። ያን ቢል የምመልስለትን አዘጋጅቻለሁ። አላለም።

«ሌላ ያዥ ታመጣ ነበር» አለ። «ማሳውን ለልጆቼ አካፈልኩ። በሬ መጥመድ ቀረ። ጠዋት ስነሳ ማንም አይፈልገኝም። በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ አንድ ሰው ነፍሱን እጄ ላይ ያስቀምጣል። እሱን ለማን ልልቀቅ፣ ደምሌ?»

ለኔ ብሎ ዋሽቶኝ ቢሆን ምናልባት ምሬው አድር ነበር። ለራሱ ነው የዋሸኝ። ያው ግን በሦስት ዓመት ውስጥ የነገረኝ እውነት ይኼ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እንዴት አድርጌ ልጣለው?

«አመጣ ነበር» አልኩት። «ሌላ ያዥ አመጣ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለና ሄደ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ቅዳሴ አስቀድሼ መጣሁ። ቄሱ ስለ ይቅርታ ነው ያስተማሩ። ማን ነግሯቸው ነው?

መዳፌ ውሃ ቋጥሯል።

ትዕግሥት ደወለች። ነገ ጥንድ ጥንዱን ትመዘግባለች፤ ያለ ጥንድ የመጣ ዘንድሮ አይወርድም። ማንን ልውሰድ? የአስናቀች ባል፤ ሩቅ ነው፣ ገደልም ያዞረዋል። ያ ስለ ወይራዋ ድርሻ የቀለደው፤ ጎበዝ ነው፣ እጁም ጠንካራ ነው፤ ግን ሲይዘኝም የሚቀልድ ይመስለኛል። ሌሎቹንም ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራሁ። እጁ የሚጨብጥ ሰው ሞልቷል። ከአፋፉ ስር ሆኜ ግን ድምፁን ሰምቼ እጄን የምለቅለት ሰው አጣሁ። ይኼ ነው የሚያናድደኝ። ድምፁን የማምነው የዋሸኝን ሰው ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ጠዋት ይማም ደጅ ሄድኩ።

«ተነስ፣ ምዝገባ ነው። አልታረቅንም።»

«አልታረቅንም» አለ፣ ጫማውን እያጠለቀ።

እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። ትዕግሥት እጁን አየች። በግራው አስያዘችው። አሸዋ የሞላ ጆንያ ከዐለቱ ላይ ሦስት ጊዜ ለቀቀችበት። ሦስቴም የጀማሪው ብረት ነከሰው፤ ጆንያው አየር ላይ ተንጠለጠለ። «የግራ እጅ ይበቃዎታል። የምፈቅድልዎ ግን ይኼን ብረት ብቻ ነው» አለችው።

«አርባ ዓመት ይዤ የጀማሪ ዕቃ?» አለ ይማም።

«ሠላሳ ሰባት ነው» አልኩት። ሌላ ሰው አልገባውም። አንገቱን ደፋ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ከዚያ አፋፉ ላይ ወጣንና ሌላ ሕግ አመጣች። ወራጁ ከመውረዱ በፊት የያዡን ዕቃ በዓይኑ ያያል፣ በእጁ ይነካል። ያልነካ አይወርድም። እኔ የሱን አያያዝ ቀርቤ አይቼ አላውቅም። በኛ ዘመን ማየት ስድብ ነበር።

ይማም ኬላ ላይ እንደሚፈተሽ ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ቀበቶውን ጎተትኩ፤ ጠብቋል። የብረት ቀለበቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ገመዱ በመያዣው ውስጥ የሄደበትን በጣቴ ተከተልኩ። ሳብኩት፤ ነከሰው። ትዕግሥት ከኋላው ዐለት ላይ ያሰረችውን ገመድም ሄጄ አየሁ። ተመልሼ ደግሜ አየሁ። ሦስተኛ አየሁ። ከኋላ ሰው መሳቅ ጀመረ። ይማም አልሳቀም። ቀኝ እጁ እንደተነሳ ነው፤ ሁለቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከዚህ ቅርበት አይቻቸው አላውቅም።

«አራተኛም እይ» አለኝ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ቀልዱን ይሁን ምሩን አላወቅሁም። አራተኛም አየሁ። ከዚያ ወረድኩ።