እናታችን ያልበላችው ዳቦ

ውድ ሚጣዬ፣

ከሁሉ አስቀድመሽ ልትረጂልኝ የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እሱን በደንብ ሳትይዢ ወደ ሌላው አትለፊ። አንቺም ልጅሽ ጠብታም ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ለምርመራ ደም ሳትሰጡ ዳቦ መብላት እንዳታቆሙ። ይህን ደብዳቤ ስትጨርሺ ቤት ያለውን ዳቦ ሁሉ አውጥተሽ ለመጣል እንደምትነሺ አውቃለሁ። አትጣዪው። ዳቦ ካቆማችሁ ምርመራው በሽታውን ላያገኘው ይችላል፤ በሽታው እያለ የለም ይባላል። መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ማቆም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር። «በዳቦ ነው የታመምኩት» ስልሽ በሳቅ ፈረስሽ። «ጋሼ ደግሞ! በዳቦ ወሬ አገር ምድሩን ያሰለቸ ሰው በዳቦ ታመመ?» አልሽኝ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ቀጥዬ «በዘር የሚመጣ ነው አሉኝ፤ ምናልባት እማዬም…» ስል ሳቅሽ መሃል ላይ ቆመ። ስልኩ ተዘጋ። ባለቤቴ «ኔትወርክ ነው» አለችኝ። ኔትወርክ እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አታነሺም። ስለዚህ እጽፋለሁ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጡረታ ስወጣ ድካሙ ያን ያህል አልነበረም። ሆዴ ይነፋል፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ነጭ ዱቄት ለጤና እንደማይበጅ፣ ያልተነፋ እህል ግን አንጀትን እንደሚጠግን አነበብኩ። የማስተምረው ልጅ ስላልነበረኝ ሊጡን ማስተማር ጀመርኩ። ስንዴውን ራሴ እለቅማለሁ፣ አጥባለሁ፣ ጸሐይ ላይ አሰጣለሁ፣ ወፍጮ ቤት ተሸክሜ እሄዳለሁ። ባለወፍጮው የመጀመሪያ ቀን ያለኝን ነግሬሽ ነበር?

«ጋሽ መምህር፣ ፉርሽካውን ላውጣልዎት?»

«እንዳትነካው። ከነፉርሽካው ነው የምፈልገው።»

«ላም ገዙ እንዴ?»

«ለራሴ ነው።»

ወደ ወረፋው ዞሮ፣ «ሰማችሁ? ጡረታው እንዲህ ነው የሚያደርገው!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን ኮራሁ።

እርሾው የእማዬ ነው፤ አንቺም ግማሹን ይዘሻል። የተከካውን ገብስና ተልባውን ቀድሜ እዘፈዝፋለሁ፣ ካልተዘፈዘፈ ከሊጡ ውኃ ይሰርቃልና። ከዚያ ዱቄቱን በሚዛን፣ ውኃውን በሚዛን፣ ጨውን በሚዛን። ሊጡን በጣቶቼ መሃል ወጥሬ ወደ መስኮቱ አነሣዋለሁ፤ ብርሃን እያሳለፈ ካልተበጠሰ በቅቷል። እስኪኩፍ እጠብቃለሁ። ከምድጃ ሲወጣ ሥሩን አንኳኳለሁ፤ ባዶ ሣጥን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ከመጣ በስሏል። ባለቤቴ «ወጥ ቤቴን ላቦራቶሪ አደረግኸው» ትላለች። ትበላዋለች ግን። ጎረቤቱም ይበላዋል። በየሳምንቱ በአውቶቡስ ስልክልሽ አንቺም ትበዪዋለሽ፣ «ጋሼ ዳቦህ ሥጋ ነው» ትዪኛለሽ።

እኔም ደከመኝ ስል ጨምሬ እበላ ነበር። ሚጣዬ፣ ይህን ልብ በዪልኝ፦ በደከመኝ ቁጥር ጨምሬ በላሁ።

መጀመሪያ የነቃችው ባለቤቴ ናት። ሌላ ሰው በዓይኑ ያያል፣ እሷ ልብስ ሰፊ ናትና በመርፌዋ ነው የምታየው። አንድ ጠዋት ሱሪዬን ይዛ መጣች፣ በአፏ ክር ነክሳ።

«ይሄን ሱሪ ስንቴ ነው የማጠብበው?»

«ጨርቁ ይሆናል የለቀቀው።»

«ጨርቅ ይለቃል እንጂ ወገብ አይለቅም። ከእንግዲህ ኪሶቹ ኋላ ላይ ሊጋጠሙ ነው። ተነሥ፣ ሐኪም ቤት።»

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ቁርስ ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ዳቦ አልኳት። ምሳ? ሾርባ በዳቦ። ራት? ባለቤቴ ቀድማ «ዳቦ» ብላ መለሰችልኝ። «ግን ዶክተር፣ ተራ ዳቦ እንዳይመስልሽ» ብዬ ስለ ፉርሽካው፣ ስለ ተልባው፣ ስለ መዘፍዘፉ ሙሉ ትምህርት ሰጠኋት። አላቋረጠችኝም። ደም ወሰዱ፤ ሌላ ቀን ደግሞ በጉሮሮዬ ቀጭን መሣሪያ አስገብተው አንጀቴን አዩ። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችና፣

«መምህር፣ ዳቦው ነው» አለችኝ።

«የትኛው ዳቦ?»

«ሁሉም።»

«ያልተነፋ እኮ ነው! ሙሉ እህል!»

«ለጎረቤትዎ ጤና ነው። ለእርስዎ አይደለም።»

በሽታው ሲሊያክ ይባላል። ስንዴና ገብስ ውስጥ ሊጡን የሚያያይዘው ነገር አለ፤ ግሉተን ይሉታል። ያ መስኮት ላይ ወጥሬ፣ ሳይበጠስ ብርሃን ሲያሳልፍ እያየሁ ደስ የሚለኝ ነገር። የእኔ ሰውነት እሱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋ የገዛ አንጀቴን ይፍቃል። የምበላው ሁሉ ሳይጠቅመኝ ያልፋል። ለመዳን ብዬ በገዛ እጄ አቡክቼ በላሁት። አርባ ዓመት «ምክንያትና ውጤት» ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ምክንያቱን በየቀኑ ቆርሼ እየበላሁ ውጤቱን በዕድሜ አሳበብኩ።

«እህት ወንድም አለዎት?» አለችኝ።

«አንዲት ታናሽ እህት።»

«ደም ማነስ አለባት?»

ያን ጊዜ ከትራስሽ ሥር የማይጠፋው የብረት ክኒን ታየኝ። ከእግረኛ መንገድ ዳር ወርደሽ ብቻ የተሰበረው የእጅሽ አንጓ ታየኝ። «እኛ ቤት እኮ ሰው በተፈጥሮው ቀጭን ነው» አልኳት። «በተፈጥሯችሁ መሆኑን ማን ነገራችሁ?» አለችኝ። ሚጣዬ፣ ማንም አልነገረንም። የሰፈር ሰው በቅጥነታችን «ሸንበቆዎቹ» ሲለን የቤተሰብ ስም መስሎን ተቀበልነው።

አሁን ስልኩን ወዳዘጋሽ ነገር ልምጣ።

እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትጋግር ታስታውሻለሽ። ዳቦው ሲወጣ እኛ በላዩ እንሻማለን፤ እሷ ምድጃው ጥግ ቆማ የተቀቀለ ድንች በጨው ትበላለች። «እማዬ ብዪ እንጂ» ስንላት «እኔን ሽታው ያጠግበኛል» ትለን ነበር። አባታችን «ይቺ ሴት ለልጆቿ ስትል ራሷን ልትጨርስ ነው» ይላል። እኛም አመንን። የእሷን ድርሻ ተካፍለን በላን። ስትሞት «ሳትበላ ያበላችን» ብዬ ድንጋዩ ላይ ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አንብበሽ ያለቀስሽው።

ለእኛ ብላ አልነበረም፤ ያማት ነበር። ስሙን ሳታውቀው፣ ሐኪም ሳይነግራት፣ ሰውነቷ ነግሯት ድንች ትበላ ነበር።

በመጨረሻው ጊዜ አንቺ ቤት ተኝታ ሳለ፣ እኔ ዳቦ ላክሁ፣ አንቺ በሞቀ ወተት እያለሰለስሽ በማንኪያ ሰጠሻት። አንድ ቀን እኔም ተቀምጬ አይቻለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ «ለልጅቷ ስጫት» አለችሽ። «እሺ በይኝ እማዬ፣ ጋሼ የጋገረው ነው» አልሻት። ለእኔ ስም ስትል አፏን ከፈተች።

ሐኪሟን ስለዚህ ጠይቄያታለሁ። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ፦ «ሳልመረምራት ማወቅ አልችልም። ልቧም ደክሞ እንደነበር ነግረውኛል። ዳቦው ጎዳት ብዬ አልምልም፤ አልጎዳትም ብዬም አልምልም።» ሌላ ሰው ቢሆን የመጨረሻውን ቃሏን ይደብቅሽ ነበር። እኔ ብደብቅሽ አንድ ቀን ታውቂዋለሽ፤ ያን ጊዜ ሌላውንም የጻፍኩትን አታምኚኝም፣ እኔ ደግሞ ሌላው እንዲታመን እፈልጋለሁ። ማንኪያውን የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ ዳቦውን የጋገርኩት እኔ ነኝ። ተማሪ ያላስተማርኩትን ጥያቄ ሲስት ቀይ እስክሪብቶ አላነሣበትም ነበር። ይህንንም አስተምሮን የሚያውቅ አልነበረም። ማልቀስ ካለብሽ አልቅሺ፤ ግን እያለቀስሽም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብቢ፣ ዋናውን ገና አልጻፍኩትም።

ከሐኪም ቤት የተመለስን ዕለት ባለቤቴ ምሳ አላቀረበችም። ወደ መስፊያ ክፍሏ ገብታ ቆየች። ገብቼ ሳያት የስፌት መኪናዋ ፊት ቆማለች፣ ባዶ እጇን።

«የጠብታ ቀሚስ» አለች።

«ምን ሆነ?»

«አላጠረም።»

አምና የሰፋችላትን ሰማያዊ ቀሚስ ባለፈው ስትመጡ ለክታላት ነበር። ዓመት የሞላው ቀሚስ ነው፤ ጫፉን ልትለቅላት አስባ አልብሳ ብታያት ልክ ሆናት። «ጨርቅ ተረፈ» ብለን ደስ አለን። አዎ ሚጣዬ፣ ልጅ አለማደጓን አይተን ደስ አለን።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ሌላው ሁሉ መጣብኝ። ጠረጴዛ ላይ ጠብታ የቆረስኩላትን ዳቦ ዝም ብላ ወደ ባለቤቴ ሳህን ስትገፋው። «ብዪልኝ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» ስትል፤ ገና ምንም ሳትቀምስ። የትምህርት ቤት መክሰሷን ለጓደኛዋ እንደምትሰጥ አስተማሪዋ አመስግናት የነገርሽን። ሁላችንም ምን አልን? «አቤት ደግነት! ቁርጥ አያቷን!» እኔ ግንባሯን ሳምኳት። እናታችንን በዚያው ቃል አመስግነን ቀበርናት፤ በልጅሽም ያንኑ ቃል ጀምረንላት ነበር። ሆዷ ከበሮ፣ እግሯ ክር፤ ዓይናችን እያየ ደግ አልናት። ልጅቷ ደግ መሆኗን አልክድም። ግን ዳቦውን የምትሰጠው ስለሚያማት ይሆናል፤ እያመማትም ስንስማት ጊዜ ደስ ብሏት ይሆናል።

ይህን ገጽ ሁለተኛ ጊዜ መጻፌ ነው፤ የመጀመሪያው ከስርዝ ብዛት አይነበብም ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ጠብታን ይዘሽ ሂጂ፤ አንቺም ተመርመሪ። «ወንድሜ ሲሊያክ አለበት» በያቸው፤ «ሆዷን ያማታል» ብቻ ካልሻቸው የሆድ ትል መድኃኒት ሰጥተው ይሸኙሻል። እስከዚያ እንደወትሮው ትብላ፣ አታስጨንቂያት፣ ግን ዳቦውን ከቤት አታጥፊው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የሚያማትን ነገር እያወቁ ማቅረብ ከባድ ነው። ለዚህም ነው ቶሎ የምልሽ።

እኔ አሁን ማሽላና በቆሎ፣ ጥቂት ሩዝም ጨምሬ እየሞከርኩ ነው። የወፍጮ ቤቱ ድንጋይ የስንዴ ብናኝ ስላለበት ራሴ በትንሽ የእጅ ወፍጮ እፈጫለሁ፤ ባለወፍጮው «ከላም ወደ ዶሮ ወረዱ?» ብሎኛል። የመጀመሪያው ዳቦ እንደ ጡብ ወጣ፣ ሁለተኛው እንደ አሸዋ ፈረሰ። የሚያያይዘው ነገር የለውማ። ተልባውን ፈጭቼ በሙቅ ውኃ ሳዝለገልገው ግን ትንሽ መያያዝ ጀምሯል። ለጠብታ እስኪደርስ ጥሩ አደርገዋለሁ። የእማዬን እርሾ ባለቤቴ ለጎረቤት ሰጠችው፤ እነሱን አይጎዳቸውም፣ ደግሞ እማዬ ያቆየችው ነገር እንዲሞት አልፈለግንም።

ድንጋዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ላስፍቀው አስቤ ነበር፤ ሄጄ ቆሜ አነበብኩት። ተውኩት። የማይስማማትን ዱቄት በየሳምንቱ እስከ ክርኗ እያቦካች አሳድጋናለች። ሳትበላ አብልታናለች፤ ምክንያቱን ብቻ ነው የሳትነው።

ስለ እማዬ አሁን መጻፍ ካቃተሽ አትጻፊ። ስለ እኔ ጤናም አትጠይቂ፤ ደህና ነኝ፣ ሱሪዬ ዘንድሮ ማጥበብ አያሻውም። ግን ይህ እንደደረሰሽ ጠብታን ይዘሽ ውጪ፣ በማግስቱም መልስ ላኪልኝ። ረጅም አይሁን። «ሄድን» ብለሽ ብቻ ጻፊልኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል፤ እባክሽ አታቆዪኝ።

ወንድምሽ፣
ጋሼ